500 ካሬ፦ የአንድ የአሰላ ግቢ ታሪክ

የመጽሔቱ ዝግጅት ኮሚቴ «ለ40ኛ ዓመታችን አንድ ነገር ጻፍ» ሲለኝ፣ መጀመሪያ ያሰብኩት እንደ ብዙዎቻችሁ ስለ ዓለማያ ነበር። ስለ ሐይቁ፣ ስለ ካፌው ወረፋ፣ በ1977 ዓ.ም. ኮሌጅ እያልን ያገባደድነው ትምህርት ግንቦት 19 ቀን በአንድ ጊዜ «የዓለማያ እርሻ ዩኒቨርሲቲ» ስለ መሆኑ። ስለ እሱ ግን ከእኔ የተሻለ የሚጽፍ ሞልቷል። እኔ ዘንድሮ ጭንቅላቴን ይዞ የከረመው ሌላ ጉዳይ ነው፤ አሰላ ዳር የሚገኘው የአባባ ቤት።

እናታችን አምና ካረፈች በኋላ አምስት ወንድማማችና እህትማማች አንድ ጥያቄ ፊታችን ተደቅኗል፦ ይሸጥ ወይስ ይቀመጥ? ሁለቱ ሚኒሶታ ናቸው፣ ሁለቱ አዲስ አበባ፣ እኔ አዳማ። አንድ ገዢ መጥቷል። ፎቅ ሊሠራበት ነው፤ ከታች ሱቅ፣ ከላይ የሚከራይ ክፍል። ታናሽ እህቴ በስልክ «ጋሼ፣ እሱ እኮ የጭቃ ቤት ነው፤ ምኑን ነው የምናስቀምጠው?» አለችኝ። መልስ አጣሁ። ከዚያ የአባባን የቆርቆሮ ሳጥን ከፍቼ ወረቀቶቹን ማገላበጥ ጀመርኩ። ይህ ጽሑፍ ከዚያ ሳጥን የወጣ ነው ማለት ይቻላል፤ ቀሪው በየመሥሪያ ቤታችን ስንማረውና ስንሠራው የኖርነው የአርሲ ታሪክ ነው።

አሰላን የማታውቁ ካላችሁ፦ ከአዲስ አበባ በአዳማ በኩል 175 ኪሎ ሜትር ያህል ናት። ከአዳማ ወጥታችሁ ሞቃቱን ሜዳ ስታልፉ መንገዱ ሽቅብ ይሄዳል፣ ኢተያን ቁሉምሳን ታልፋላችሁ፣ ከዚያ ብርዱ በመስኮት ይገባል። ከተማዋ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍ ብላ፣ ከ4,000 ሜትር በሚበልጠው በጭላሎ ተራራ ምዕራባዊ ጥግ ተለጥፋ፣ ፊቷን ወደ ስምጥ ሸለቆው አዙራ ተቀምጣለች። የእኛ ቤት በር ወደ ሸለቆው ነው የሚያየው። አባባ ለምን እንደዚያ እንዳደረገው ስጠይቀው «ነፋሱ ከጭላሎ ነው የሚመጣው፤ ጀርባ ስጠው» ነበር ያለኝ። ይህን ያህል ነው የአርክቴክቸሩ ምስጢር።

መሬቱ ከቤቱ ይቀድማልና ከመሬቱ ልጀምር። አርሲ በራስ ዳርጌ ጦር ለምኒልክ መንግሥት የገባው ከዓመታት ከባድ ውጊያ በኋላ፣ በ1878 ዓ.ም. ማለቂያ በአዙሌ ከሆነው ጦርነት ወዲህ ነው። የእናቴ ወገኖች የአርሲ ኦሮሞዎች ናቸው፤ ያንን ዘመን በሹክሹክታ ነበር የሚያወሩት፤ የአባቴ ወገኖች ደግሞ ከሸዋ የመጡ ናቸውና ሲያወሩት ድምፃቸው ከፍ ይላል። እኛ ልጆቹ ሁለቱንም እየሰማን አንድ ትሪ ላይ ነው የበላነው። ከዚያ ወዲህ የመጣው ታሪክ በወረቀት የታወቀ ነው፦ መሬቱ በቃላድ ተለካ፣ በጋሻ ተከፋፈለ (አንድ ጋሻ 40 ሄክታር ያህል ነው)፣ ለወታደር፣ ለባለሟል፣ ለባላባት፣ በኋላም ለአርበኛ ተሰጠ። በንጉሡ ዘመን ማለቂያ በጭላሎ አውራጃ ከነበረው አራሽ ግማሽ ያህሉ የሌላ ሰው መሬት የሚያርስ ጭሰኛ ነበር። የክፍለ ሀገሩ ዋና ከተማነት ከትቾ ወደ አሰላ ሲዞር ደግሞ የከተማዋ ዳር የነበረ የእርሻ ጋሻ ቀስ በቀስ በካሬ ሜትር መሸጥ ጀመረ።

አባባ በ1961 ዓ.ም. የገዛው ከእንዲህ ያለ ጋሻ ላይ የተቆረሰ 800 ካሬ ሜትር ነው። ውሉ አለ፤ የጣት አሻራ፣ የሦስት ምስክር ስም፣ የቴምብር ቀረጥ። «በምሥራቅ የውሃ መውረጃ ቦይ፣ በምዕራብ መንገድ፣ በሰሜን የገብስ ማሳ» ይላል። የገብሱን ማሳ ማን ያርሰው እንደነበር ውሉ ላይ የለም። እማማ ግን ታውቀው ነበር። «ሰውየው ከነቤተሰቡ ተነሥቶ ሄደ» ትል ነበር፤ ወዴት እንደሄደ ተናግራ አታውቅም።

ይህ መነሣት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። በ1959 ዓ.ም. ማለቂያ የኢትዮጵያና የስዊድን መንግሥታት ተስማምተው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅትን፣ ሁላችንም ካዱ የምንለውን፣ አሰላ ላይ አቋቋሙ። ከዓለማያ ከወጡ ቀደምት ወንድሞቻችን ስንቱ የመጀመሪያ ደመወዙን የበላው እዚያ ነው! ካዱ የተመረጠ የስንዴ ዘር፣ ማዳበሪያ በብድር፣ የተሻሻለ ማረሻ፣ የንግድ ጣቢያ፣ የዲቃላ ጊደር ይዞ መጣ። የታሰበው ለትንሹ ገበሬ ነበር፤ ከብድሩ የተጠቀመውም በጥቂት ዓመታት ከጥቂት መቶዎች ተነሥቶ ከ10 ሺህ በላይ ደረሰ። ነገር ግን ስንዴ አትራፊ መሆኑን ያዩ ባለርስቶች ትራክተር ገዝተው ወይም ተከራይተው ራሳቸው ማረስ ጀመሩ፣ ጭሰኛውን «በቃህ» አሉት። የልማቱ ድርጅት ይህን አልፈለገውም፤ የራሱ ጥናቶችም ጽፈውታል። እኔ በግሌ የማምነው ግን ይህ አስቀድሞ መታየት የነበረበት ነገር እንደሆነ ነው፤ መሬቱ የማን እንደሆነ ሳይስተካከል ምርቱ ብቻ ሲጨምር ትርፉ ወዴት እንደሚፈስ ለመገመት የግድ ስዊድን ሄዶ መማር አያስፈልግም ነበር።

አባባ የካዱ የመጋዘን ሠራተኛ ነበር። ቦታውን የገዛው በካዱ ደመወዝ ነው። የእኛ ቤት የቆመው ያ ጭሰኛ በተነሣበት ማሳ ጥግ ላይ ነው ማለት ነው፤ ይህንን ለመጻፍ ብዙ ቀን አመነታሁ።

ወደ ቤቱ ልግባ። በ1962 ዓ.ም. በጋ ተጀምሮ ክረምቱ ሳይገባ ተከደነ። ቋሚዎቹ ጥድ ናቸው፤ ጥድ ምስጥ አይደፍረውም፤ ያም ሆኖ አባባ መሬት የሚገባውን ጫፍ በእሳት ለብልቦ የተቃጠለ የሞተር ዘይት ቀብቶታል። ማገሩና ወራጁ ባሕር ዛፍ ነው። ከዚያ ጭቃው። አፈሩ ከዚያው ከግቢው ተቆፈረ (ጉድጓዱ በኋላ ሽንት ቤት ሆነ፤ ምንም አይባክንም)፣ ጭዱ ግን የጤፍ መሆን ነበረበት፤ የገብስና የስንዴ ገለባ እግራችን ሥር ሞልቶ ሳለ አባባ ከቆላው በጭነት መኪና የጤፍ ጭድ አስመጣ። የጤፍ ጭድ ቀጭንና ልስልስ ስለሆነ ከጭቃው ጋር ይያያዛል፣ ግድግዳው ሲደርቅ አይሰነጠቅም። ጭቃው ከጭድ ጋር በእግር ተረግጦ ሲቦካ ከሳምንት በላይ ይከርማል። ይሸታል! ሰፈሩ ሁሉ ማን ቤት እየሠራ እንደሆነ በአፍንጫው ነው የሚያውቀው። ከዚያ የመጀመሪያው ምርጊት፣ ሲደርቅ ሁለተኛው፣ በመጨረሻ በእበትና በለሰለሰ አፈር ልስኑ፣ ከዓመት በኋላ ኖራው።

ቆርቆሮው የመጣው ከአዳማ ነው። ኮርኒሱ የተወጠረ አቡጀዲ ነበር፤ አይጥ ሲሮጥበት እግሩ ይታየን ነበር፤ እኛ ልጆች ተኝተን በጣታችን እንከተለዋለን። ወለሉ እስከ 1972 ድረስ እበት ነው፣ ከዚያ ሊሾ ሆነ። ሁለት ክፍል፣ አንድ ሳሎን፤ ማድ ቤቱ ጭሱ እንዳይገባ ለብቻው ከኋላ። ከበሩ አጠገብ ደግሞ አባባ ለኪራይ ብሎ ሁለት ክፍል ሠራ። እነዚህን ሁለት ክፍሎች ልብ በሉልኝ፤ እመለስባቸዋለሁ።

ስለ ጭቃ ቤት ሳወራ የሚያፍሩ ጓደኞች አሉኝ። አያሳፍርም። አዲስ አበባ በ1947 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ተቋም፣ ዛሬ ሕንፃ ኮሌጅ የምንለው፣ ጭቃ ቤትን በርካሽና በተሻለ መንገድ እንዴት መሥራት እንደሚቻል የሚያጠና ክፍል ነበረው። የኢንጂነሮቹም መልስ አባባ ከሚያደርገው ብዙም አይርቅም፦ መሠረቱን በድንጋይ ከፍ አድርግ፣ ጣሪያውን ወደ ውጭ አስረዝም፣ ዝናብ ግድግዳ አይንካ። የእኛ ቤት 55 ዓመት ሊሞላው ነው። ዓለማያ ላይ የኦክላሆማ ፕሮፌሰሮች የኖሩባቸውን፣ እኛ እያየን የምንቀናባቸውን ቤቶች አስታውሱ፤ ግቢው በ1950 ዓ.ም. ነው የተመረቀው። እነሱም ቆመዋል፣ የእኛም ቆሟል። ልዩነቱ የእኛን በየዓመቱ ለመስቀል የሚለቀልቀው ሰው መኖሩ ነው፤ ያ ሰው ደግሞ እማማ ነበረች።

ጓሮው የእማማ ግዛት ነበር። ጎመን፣ ድንች፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ጌሾ፣ ጥግ ላይ ዳማከሴ። የካዱ የሴቶች ክፍል ስለ ምግብ አዘገጃጀትና ስለ ጓሮ አትክልት ያስተምር ነበርና ካሮት የሚባለውን ነገር ያመጣችው ከዚያ ነው፤ መጀመሪያ የበላችው ላሟ እንደነበረች ትነግረን ነበር። ላሟ! እንስሳት ሳይንስ ያጠናችሁ ጓደኞቼ ይህን አንብቡ፦ እኔ ክፍል ውስጥ «የአርሲ ላም ከፍሪዥያን ጋር ስትዳቀል» የሚለውን ስማር፣ መምህሩ የሚጠቅሰው መረጃ ከአሰላ ጣቢያ የመጣ ነበር። ዓለም አቀፉ የአፍሪካ የከብት እርባታ ማዕከል በ1983 እ.ኤ.አ. ያሳተመው ጥናት በዚያ ጣቢያና በአካባቢው ገበሬዎች ዘንድ የነበሩትን ዲቃሎች መዝግቦ፣ የመጀመሪያው ትውልድ ዲቃላ ከአገሬው የአርሲ ላም ከሁለት እጥፍ የማያንስ ወተት እንደምትሰጥ አሳይቷል። እኔ ይህን በልጅነቴ በባልዲ አውቀው ነበር። እማማ ግን ወተቱን ባልዲ ውስጥ አታሳድረውም፤ በእናቷ ጮጮ አጥና ነው የምታስቀምጠው። የዲቃላ ወተት በጮጮ፤ ሰፈራችንን በሁለት ቃል ግለጽ ብትሉኝ ይህ ይበቃኛል።

ሰፈር ያልኩት በዚያን ጊዜ ሰፈር አልነበረም። ቤቶቹ ተራርቀው፣ በመሃል ማሳ። ውሃ ከምንጭ በእንስራ፣ በኋላ ከቦኖ። ወፍጮ የሃያ ደቂቃ መንገድ፤ ወፍጮ ቤት ማለት ደግሞ እህል የሚፈጭበት ብቻ አልነበረም፤ የሰፈሩ ጋዜጣ ነበር፤ ማን ታመመ፣ ማን ታጨ፣ የማን ላም ወለደች፣ ሁሉም ከዱቄቱ ጋር ይመጣል። ቤተ ክርስቲያኑ በአንድ በኩል፣ መስጊዱ በሌላ በኩል፤ ንጋት ላይ የሁለቱ ድምፅ ከእኛ ጣሪያ በላይ ይገናኛል። ወደ ገበያ በእግር፣ ዕቃ ካለ በፈረስ ጋሪ። ትምህርት ቤት ለእኛ ቅርብ ነበር፤ ከከተማው ወጣ ላለው ልጅ ግን የሩቅ አገር ያህል ነው። የዚህን ታሪክ ዓለም ያወቀው በኃይሌ ገብረ ሥላሴ ነው። ከአሰላ ወጣ ባለ የገበሬ ቤት በ1965 ዓ.ም. ተወልዶ፣ በየቀኑ 10 ኪሎ ሜትር ወደ ትምህርት ቤት፣ 10 ኪሎ ሜትር ወደ ቤት እየሮጠ አደገ፤ ደብተሩን በግራ ክንዱ እንደያዘ ስለሚሮጥ ትልቅ ሰው ከሆነ በኋላም ግራ ክንዱ ታጥፎ ይቀራል ይባላል። በአትላንታና በሲድኒ የ10 ሺህ ሜትር ወርቅ ሲወስድ ሁሉም አጨበጨበ። እኔ ከመጨብጨቡ ጎን ለጎን የማስበው፣ በዚያ መንገድ ላይ ስንት ልጅ በርቀቱ ምክንያት ትምህርቱን ትቶ ላም ጠባቂ ሆኖ እንደቀረ ነው። የትምህርት ቤት ቅርበት የቤት ዋጋ ውስጥ መቆጠር ያለበት ነገር ነው፤ ደላሎቹ ይህን ዛሬ በደንብ ያውቁታል።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም.፤ አዋጅ ቁጥር 47። የገጠሩ መሬት በየካቲት 25 ታውጆ ነበር፤ ያን ጊዜ ሰፈሩ ጨፍሯል፤ እማማ አልቅሳለች፤ የደስታ ነው። አምስት ወር ሳይሞላ የከተማው መጣ። አዋጁ በአጭሩ፦ የከተማ ቦታ ሁሉ የመንግሥት ነው፣ ካሣ የለውም፤ አንድ ቤተሰብ አንድ መኖሪያ ቤት፤ ለመኖሪያ የሚይዘው ቦታ ከ500 ካሬ ሜትር አይበልጥም፤ ከቤት ኪራይ ገቢ ማግኘት ከእንግዲህ ለማንም ግለሰብ አይፈቀድም። ትርፍ ቤቶች ተወረሱ። ኪራያቸው 100 ብርና ከዚያ በላይ የነበረው ወደ ኪራይ ቤቶች አስተዳደር፣ ከዚያ በታች የነበረው ወደ ቀበሌ። ለድሃው ተከራይ ደግሞ ኪራዩ ተቀነሰ፤ ዝቅተኛው እርከን በግማሽ።

አባባ ሬዲዮኑን ዘጋና ወደ ውጭ ወጣ። ለረጅም ጊዜ ሁለቱን ክፍሎች እያየ ቆመ። ተከራያችን መምህር ነበር፤ ከሚስቱና ከአንድ ሕፃን ጋር ይኖራል፤ በወር 12 ብር ይከፍላል። እኛ ልጆች «ጋሽ መምህር» ነው የምንለው። እሱም ሬዲዮ ሰምቷል። በሩ ላይ ቆሟል። ማን መጀመሪያ እንደተናገረ እማማ ስታወራው ሁልጊዜ ይለያያል፤ አንዳንዴ አባባ ነው፣ አንዳንዴ መምህሩ። የተባለው ነገር ግን አንድ ነው፦ «ቡና ፈልቷል፤ ግባ።»

ከዚያ ወር ጀምሮ ጋሽ መምህር 6 ብር ለቀበሌ ይከፍላል፤ ደረሰኝ ይቀበላል። ከአባባ ጋር ያለው የባለቤትና የተከራይ ዝምድና በአዋጅ ተቋረጠ፤ በር ግን አንድ ነው፣ ሽንት ቤት አንድ ነው፣ የልብስ ማድረቂያ ገመድ አንድ ነው። ከ800 ካሬው 500 ለእኛ ቀረ። ቀሪው ላይ ሁለቱ ክፍሎች አሉ፤ የታችኛው ጥግ ደግሞ የሰፈሩ ቦኖ ተተከለበት። ሰው ሁሉ «የተወረሰ» ሲል የሚያስበው የመኳንንት ሕንፃ ነው። የብዙው ሰው ውርስ ግን እንደኛው ነው፤ ሁለት የጭቃ ክፍል፣ ከአንድ የመጋዘን ሠራተኛ ጡረታ ላይ የተቀነሰ። አባባ በሃሳቡ ለጡረታዬ ብሎ ነበር የሠራቸው። በሌላ በኩል 6 ብር ለመምህሩ ምን ማለት እንደነበር አውቃለሁ፤ ልጁን ጫማ አድርጎ ትምህርት ቤት የላከው በዚያው ዓመት ነው። ሁለቱንም በአንድ ግቢ ውስጥ ስላየሁ፣ ስለዚያ አዋጅ ስንከራከር እኔ ዝም የምለው ለዚህ ነው። ጥሩ ነበር ወይስ መጥፎ ስትሉኝ «በየትኛው በር?» ነው መልሴ።

ቀበሌው ሠርቷልም፣ በድሏልም። መሠረተ ትምህርት በሐምሌ 1971 ሲጀመር እማማ በ40 ዓመቷ ስሟን ጻፈች፤ የምስክር ወረቀቷ በሳጥኑ ውስጥ አለ። ኅብረት ሱቁ ስኳርና ሳሙና በራሽን ደብተር ያከፋፍላል። መንገዱ ጠጠር ለበሰ። ስለ 1970 ግን ብዙ አልጽፍም። ካምፓስ የነበራችሁም፣ ሰፈር የነበራችሁም ታውቁታላችሁ። ሰዓት እላፊው ሲገባ ከቆርቆሮው ላይ የዝናብ ድምፅ ካልሆነ ሌላ ድምፅ እንዳንሰማ እየጸለይን የተኛንበት ቤት ይኸው ነው። አንድ ሌሊት ጋሽ መምህርን ሊወስዱት ሲመጡ አባባ በነጠላ ወጥቶ «ይህ ልጄ ነው፤ እኔንም ውሰዱኝ» ብሎ በሩ ላይ ቆመ። ለምን እንደተዉት እስከ ዛሬ አላውቅም። ተዉት።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ቶሎ ልለፈው፤ አብራችሁኝ ኖራችሁበታል። ካዱ አርዱ ሆነ፣ መላ አርሲን ያዘ። በ1970ዎቹ የአሰላ ብቅል ፋብሪካ ተከፈተ፤ የአርሲ ገብስ ወደ ቢራ የሚሄድበት በር ማለት ነው፤ እኔም ከዓለማያ እንደወጣሁ ጥቂት ዓመታት ከገብስ ዘር ጋር ዋልኩ። በ1982 ቅይጥ ኢኮኖሚ ሲታወጅ ቤት ሠርቶ ማከራየት እንደገና ሕጋዊ ወደ መሆን መጣ፤ አባባ ያን ዜና ሲሰማ ሳቀ፤ ጡረታ ከወጣ ቆይቶ ነበር። በ1987ቱ ቆጠራ አሰላ 47,391 ሰው ነበራት፣ በ1999ኙ 67,269። ማሳዎቹ ቤት ሆኑ፣ ቤቶቹ ግንብ ሆኑ። ውሃ ቆጣሪ ግቢ ገባ፤ ቦኖው ደረቀ፤ ብረቱ ግን አለ። ጋሪውን ባጃጅ ተካው። ሪፈራል ሆስፒታሉ፣ የመምህራን ኮሌጁ፣ በኋላም የአርሲ ዩኒቨርሲቲ ሲመጣ ተማሪ የሚከራየው ክፍል ተፈለገ፤ እናም የሰፈራችን ሰው ሁሉ ልክ እንደ 1962ቱ አባባ በሩ አጠገብ ሁለት ክፍል መሥራት ጀመረ።

አባባ በ1994 አረፈ፤ ጋሽ መምህር ከእሱ በኋላ ስድስት ዓመት ኖረ። ባለቤቱ፣ እትዬ የምንላት፣ አሁንም እዚያው ሁለት ክፍል ውስጥ ናት። የቀበሌ ቤት ነው፤ ኪራዩም ዛሬ የአንድ ሲኒ ቡና ዋጋ አይሞላም። እማማ በታመመችባቸው ሁለት ዓመታት ማታ ማታ ያስታመመቻት እሷ ናት። እኛ ብር ነው የላክነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄው። በ2004ቱ የሊዝ አዋጅ፣ ቁጥር 721፣ እንደ እኛው ያለ ነባር ይዞታ በውርስ ሲተላለፍ ባለበት ይቀጥላል፤ በሽያጭ ወይም በሌላ መንገድ ሲተላለፍ ግን የተቀበለው ሰው ቦታውን በሊዝ ነው የሚይዘው። ገዢው ይህን አስልቶ ነው የመጣው፤ ዋጋውን ሲነግረን የሊዙን ሸክም ከእኛ ላይ ቀንሶ ነው። ሌላም ነገር ጠየቀ። መግቢያው ጠባብ ስለሆነበት የበሩ ሁለት ክፍሎች ቢነሡለት ይመርጣል። «እሱ እኮ የእናንተ አይደለም፤ የመንግሥት ነው። እኔ በራሴ መንገድ እጨርሰዋለሁ» አለን። ወንድሜ ከሚኒሶታ «ታዲያ ምን አገባን?» አለ። እውነቱን ነው፤ በሕግ ከ1967 ጀምሮ አያገባንም። የሠራቸው ግን አባባ ነው፤ ሌሊት በነጠላ የቆመውም እዚያው በር ላይ ነው።

ባለፈው ጥምቀት ሄጄ ነበር። የይዞታ ማረጋገጫው 500 ካሬ ይላል፤ ገዢው ግን «ለካ» ስላለኝ ሜትር ይዤ ወጣሁ። የሚይዝልኝ ሰው አጣሁና እትዬን ጠራኋት። በአንድ እጇ ከዘራዋን፣ በሌላው የሜትሩን ጫፍ ይዛ በአጥሩ ጥግ ጥግ ተከተለችኝ። ለካነው፤ ደምረን አባዛነው፤ 487 ሆነ። ደግመን ለካነው፤ ያው ነው።

«13ቱ የት ሄደ?» አልኳት።

«ረስተኸው ነው? ኮብልስቶኑ ሲነጠፍ ሰፈሩ ሁሉ አጥሩን አንድ አንድ እርምጃ ወደ ውስጥ አስገባ ተባለ። እናትህ መጀመሪያ አስገባች። ሌላው ከእሷ በኋላ ነው ያስገባው።»

ሜትሩን ጠቀለልኩት። እሷ ቡና ልታፈላ ገባች። ማታ ለወንድሞቼና ለእህቶቼ በቡድናችን ላይ 487 ብዬ ጻፍኩላቸው፤ 13ቱ የት እንደሄደም ነገርኳቸው። ከሚኒሶታ እስካሁን መልስ አልመጣም፤ ታናሽ እህቴ ግን በማግስቱ ደውላ ስለ ዋጋው አላነሣችም። «እትዬ ስንት ዓመቷ ነው አሁን?» ብላ ጠየቀችኝ።